ሲጎነበስ ማን ያዘው?

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ይህን የምለው ልናዘዝ ብዬ አይደለም፤ ቁመቴን እንደምናገር አድርጌ ነው። አንዷ ሴት ስኳር አለባት፣ ሌላዋ ጨጓራ፣ እኔ ደግሞ ባል አለብኝ። መለሰ ይባላል። አስጎብኚ ነው። መልኩን ያየ ሰው «ምን አለውና ነው የምትቀኚበት?» ሊለኝ ይችላል፤ ብዙዎችም ብለውኛል። ምንም የለውም። ግን የእኔ ነው።

ጎንደር፣ ፀዳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። በሩ ላይ «እናኑ የውበት ሳሎን» የሚል ተጽፏል፤ ሰው ግን እናኑ ቤት ነው የሚለው። ቅዳሜ ጠዋት የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ይሞቃል፣ ወሬው ይሞቃል፣ የጎንደር ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይታያል። መሪያችን ጃፓን ሄዶ የሰገደበት ቪዲዮ የደረሰን እንዲህ ባለ ቅዳሜ ነው። ያመጣችው ቤዚ ናት። ቤዚ ጎረቤቴም ደንበኛዬም ናት፤ ፀጉሩ ሰበብ ነው እንጂ የምትመጣው ለወሬ ነው። ራሷ በቢጎዲን እንደተሞላ ስልኳን ለሁላችን ዘረጋች።

መሪያችን ከማኪና ወርዶ በምንጣፍ ላይ ይራመዳል። ፊት ለፊቱ ሸምገል ያለ ጃፓናዊ ጋባዥ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሽማግሌው ትንሽ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። የእኛው ግን ወረደ። ወገቡ እስኪታጠፍ፣ ከረባቱ ከደረቱ ተነጥሎ እስኪንጠለጠል ወረደ። እዚያው ታች ቆየ። ከዚያ ብቻውን ተነሳ።

«ውይ፣ ትሕትናው!» አለች አንዷ።

«የምን ትሕትና ነው? ለሰው ይሰገዳል እንዴ? ስግደት ለፈጣሪ ነው» ብላ ሌላዋ ራሷን ከካስኩ ሥር አወጣች።

«የሰው አገር ሲሄዱ የሰውን አገር ሥርዓት ማክበር ነው» አለች ቤዚ።

«እነሱስ እኛ ጋ ሲመጡ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ? እጃቸውን ሰጥተውን አይደል እንዴ የሚሄዱት?»

እኔ የአንዲት ሙሽራ ሚዜ ፀጉር እየተኮስኩ ነበር። ማበጠሪያዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩና «አዋርዶናል!» አልኩ። «የአንድ አገር ሰው ሁሉ ጀርባው ላይ አለ። እሱ ሲታጠፍ እኮ እኛም ታጠፍን! ምን ቢሰጡት ነው እንደዚያ የሚወርደው?» ድምፄ ከካስኩ ድምፅ በላይ ወጣ። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። እኔ በፖለቲካ የማልገባ ሰው ነኝ፤ ምርጫ ሲደርስ እንኳን ወረፋው ላይ ስለ ፀጉር ነው የማወራው። ቤዚ ብቻ ነገሩ ገባትና ፈገግ አለች። ፈገግታዋ አናደደኝ።

እውነቱን ልናገር። መሪያችን አልነበረም የቆረቆረኝ። ያንን አጎነባበስ እኔ አውቀዋለሁ። ቤቴ ውስጥ አይቼዋለሁ።

ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ መለሰ ሥራ ፈትቶ ነበር። ጠዋት ለባብሶ ይወጣል፣ ግንቡ አጥር ሥር ከጓደኞቹ ጋር ፀሐይ ይሞቃል፣ ይመለሳል። በዚህ መሐል ነው አንዲት ጃፓናዊት ከሰማይ የወረደችለት። ቶሞኮ ትባላለች። ስለ ደጋ ገብስ ነው የምታጠናው። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር፤ ገብስ ለማየት ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሚመጣ ሰው አለ እንዴ ብዬ። መለሰ አስጎብኚዋ ሆነ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ሸሚዙን ራሱ መተኮስ ጀመረ። እኔን ዕድሜዬን ሙሉ ያስተኮሰኝ ሰው!

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ ቆሞ በስልክ ያወራል። «ሃይ፣ ሃይ» ይላል። በእነሱ ቋንቋ አዎ ማለት ነው አለኝ በኋላ። በየ«ሃይ»ው ጎንበስ ይላል። ለስልክ! ከዚያ ሊዘጋው ሲል ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አስተካክሎ፣ ስልኩን በትከሻው ይዞ፣ ወገቡ እስኪታጠፍ ወረደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። የማታየው ሴት ፊት ነው እንዲህ የሚሆነው፤ የምታየው ጊዜማ እንዴት ሊሆን ነው?

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ልማዳቸው ነው። እነሱ በስልክም ይሰግዳሉ» አለኝ ሳያፍር።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ የመሪያችንን ወገብ እያየሁ የባሌን ወገብ ነበር የተሳደብኩት። ቶሞኮን ደግሞ ፀጉር ቤቴ ይዟት መጥቶ አይቻታለሁ። መልኳ እንደ መልክ ነው። ፀጉሯ ነው የገደለኝ። እኔ በጋለ ብረት እየጠበስኩ፣ ሴቱን እያስለቀስኩ ለማስተኛት የምለፋበት ፀጉር እሷ ራስ ላይ ዝም ብሎ ወርዷል። ያውም በተራ ላስቲክ ጠፍራ አስራዋለች። ሲያስተዋውቀን ተነስታ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ። እኔ «እንኳን ደህና መጣሽ» አልኩና መቀሴን ማጠብ ጀመርኩ።

የቪዲዮው ዕለት ራት ላይ መለሰም የሰፈሩን ወሬ ሰምቶ መጣ። «ሰው አለማወቁ» አለ ጉርሻውን እየጠቀለለ። «መሪያችን ያደረገው ትክክል ነው። የሰው ቤት ስትገባ የሰውየውን ሥርዓት ነው የምታደርገው። ጎንበስ ያለ ሰው አልተዋረደም።»

ልጃችን ፅዮን ጎረቤት ነበረች። ሰው የለም። ሳህኑን ገፋሁት።

«የሰው ሥርዓት የሚከበር ከሆነ የእናቴ ሥርዓት ምን አደረገህ?»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ይህን ነገር ካነሳን ቆይተናል። ብናነሳው የት እንደምንደርስ ሁለታችንም ስለምናውቅ እንሸሸዋለን። ዛሬ ግን ቅናቴ አፌን ከፈተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር፣ በድብ ባሕር፣ በመልሱ ዕለት ሙሽራው የአማቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ይላል። አማት ደግሞ ጉልበቷ ጋ ሳይደርስ ትከሻውን ይዛ «ተው ልጄ፣ ተው» ትለዋለች። እሱ ልሳም ይላል፣ እሷ አይሆንም ትላለች፣ ይታገላሉ፣ እልልታው ይቀልጣል። መለሰ ጎንበስ አለ። እናቴ እጇን አልዘረጋችም። እዚያው ሰፈር ያለ፣ በሬና መሬት ያለው ሰው ነበር የታሰበልኝ፤ ከፈረንጅ ጋር ሲዞር የሚውል ሰው ቤት አያቆምም ብላ ቂም ይዛለች። መለሰ ግማሽ ላይ ደርሶ የእጇን መምጣት ጠበቀ። ቀና ብሎ አያት። እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተነሳና ከዳሱ ወጣ።

እሱ «አላነሳችኝም» ይላል። እሷ «ጉልበቴ ጋ አልደረሰም» ትላለች። ከዚያ ወዲህ እሱ ቤቷ አልገባም፣ እሷም የእኔን ደጃፍ አልረገጠችም። ፅዮንን ስወልድ እንኳን አልመጣችም። የገንፎዬን እህል አስፈጭታ፣ ቅቤዋን አንጥራ በሰው ላከችልኝ። አራስ ቤት ተኝቼ ያንን ቅቤ እያሸተትኩ ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። የገዛ እናቴ እጅ ያነጠረው ቅቤ መጥቶ እጇ አልመጣም።

«እናትሽ እጇን አልዘረጋችም» አለ መለሰ እንደ ሁልጊዜው።

«ጃፓናዊውስ ዘረጋ? መሪህ ብቻውን ወርዶ ብቻውን ተነሳ፣ አንተ ደግሞ ትክክል ነው አልክ! ለስልክ ትሰግዳለህ። ለዚያች ሴት ትሰግዳለህ። ለእናቴ ሲሆን ወገብህ ብረት ይሆናል።»

ሳህኑን አንስቶ ወጣ። እኔም ዕቃ እያንጋጋሁ አጠብኩ።

በሳምንቱ መለሰ ዓይኔን ሳያይ «ቶሞኮ ድብ ባሕር ያለውን ገብስ ማየት ትፈልጋለች» አለኝ። «ጥቁሩን ገብስ ነው የምትፈልገው። እናትሽ ሳይኖራት አይቀርም።»

«ልትወስዳት ነው?»

«እስከ በሩ። እኔ እሷ በተከራየችው ማኪና ውስጥ እጠብቃለሁ።»

ይህን ሲል እንዴት እንደተቃጠልኩ! ያችን ባዕድ ሴት እናቴ በር ድረስ አምጥቶ፣ እሱ ውጭ ተቀምጦ ሊጠብቃት ነው። የማናውቃቸው ሰዎች ጠያቂ ሆነው ሲገቡ፣ የቤቱ አማች እንደ ሾፌር ማኪና ውስጥ ሊቀመጥ። «እኔም እሄዳለሁ» አልኩ። ፀጉር ቤቴን ለጓደኛዬ አስረክቤ፣ ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ፣ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ቶሞኮ ከኋላ ሆነች። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

መንገዱን ሙሉ አላወራሁም። እሷ አማርኛ ትችላለች፤ ቀስ እያለች፣ ቃሉን እየመረጠች ነው የምትናገረው። አዝመራው ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ክምር ባየች ቁጥር «እባክዎን አቶ መለሰ፣ ማቆም ይቻላል?» ትላለች። መለሰ ያቆማል። ትወርዳለች፣ ዛላውን በጣቷ ትነካለች፣ ከባለ ማሳው ፊት ጎንበስ ትላለች፣ ትመለሳለች። ገበሬዎቹ ግራ ይገባቸውና እነሱም ጎንበስ ይላሉ። መለሰ በመስታወቱ ውስጥ አይቷት ፈገግ ሲል አየሁት። እኔን እንደዚያ በመስታወት አይቶኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የእናቴ ቤት ከድብ ባሕር ወጣ ብሎ ነው። መለሰ ማኪናውን ከዋርካው ሥር አቁሞ ሞተሩን አጠፋና ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ ጋደም አለ። «ሂዱ» አለ። ቶሞኮ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወረደች።

ቤት ውስጥ እናቴ እንኳየሁና ጎረቤቷ አያ ሰጠኝ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ሰጠኝ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ፣ ነገር የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳ ሲያዩ ሁለቱም ከተቀመጡበት ብድግ እያሉ «ኖር!» አሉ። ቶሞኮ «በእግዜር» አለች። የት እንደተማረችው እንጃ። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣ ለእናቴ ጎንበስ ማለት ጀመረች።

እናቴ አላስጨረሰቻትም። ከመደቡ ወርዳ፣ ሁለቱን ትከሻዋን ያዘቻት፣ «ተይ፣ ተይ ልጄ፣ ምነው!» አለች፤ አቅንታ አገላብጣ ሳመቻት።

እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነበርኩ። እነዚያን እጆች አውቃቸዋለሁ። ለባሌ ከነጠላ ውስጥ ያልወጡ እጆች ናቸው። ለዚህች፣ ከየት እንደመጣች ለማታውቃት፣ ሳትጠየቅ ዘረጋቻቸው። ባሌን ወሰደችብኝ ስል እናቴንም ጨመረች።

እናቴ ገብሱን አወጣችላት። ጥቁሩን፣ ነጩን፣ ቆሎ የሚሆነውን፣ ለጠላ የሚሆነውን በየጨርቁ ዘረገፈችላት። ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ አጎንብሰው ፍሬ ሲያገላብጡ አያ ሰጠኝ ከመደቡ ሆነው ጉዳያቸውን አመጡ።

«ልጄ፣ አንቺ ጃፓን ነሽ አሉ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የልጅ ልጄ በስልኩ ያሳየኝ ነገር አለ። መሪያችን አገራችሁ ሄዶ ጎንበስ ሲል አየሁ። ሰዉ እንዴት ይሰግዳል እያለ ይጮሃል። እኔ እሱ አልከነከነኝም። የአምልኮ ስግደት ሌላ፣ የአክብሮት ሌላ ነው፤ አበው ለይተው አስቀምጠውታል። እኔን የከነከነኝ፣ ያ ሽማግሌ ምነው ሳይዘው ቀረ?»

ቶሞኮ ጥያቄው አልገባትም። «መያዝ ምን ማለት ነው?»

«ይኼው አሁን እንኳየሁ አንቺን እንደያዘችሽ ነዋ!»

ቶሞኮ አሰበችበት። «በእኛ አገር ማንም ማንንም አይነካም» አለች። «ሁለቱም ይጎነበሳሉ። እንግዳው ዝቅ ካለ አክብሮት ነው። ባለቤቱ እንደ ዕድሜው፣ እንደ ማዕረጉ ነው የሚጎነበሰው። ማንም አልተናደደም። መሪያችሁ በጣም ዝቅ ብለዋል፣ ትንሽ በዝቷል፤ ግን ሰው ወዶላቸዋል።»

እናቴ ከገብሱ ላይ ቀና አለች። «ታዲያ ማን ያነሳዋል?»

«ራሱ ይነሳል።»

«ራሱ?» እናቴ ሁለት እጇን አጨበጨበች። «ወይ ጉድ! ራሱ ከተነሳማ ምኑን ተከበረ? እኔ የእሱን ጥፋት አላየሁም። የሰው ደጅ ሄዷል፣ ዝቅ ብሏል፣ ሸጋ ነው። ነውሩ የሽማግሌው ነው። ሰው ፊትህ ዝቅ ብሎ እያየህ እንደ ግንድ መቆም ምን የሚሉት ክፋት ነው? እጅ ምን ሊሠራ ነው የተፈጠረ?»

አያ ሰጠኝ ጢማቸውን ዳሰሱና ቀስ ብለው፣ ያለ ክፋት፣

«እንኳየሁ፣ ምነው ታዲያ ያን ቀን አንቺስ?» አሉ።

እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ፍሬ አየችው። ወደ ጨርቁ መልሳ ጨመረችው። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፤ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ሽማግሌውን የምትሰድብ መሰለኝ፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች። «ያ ሌላ ነው» አለች። ድምፅዋ ግን እሷንም አላሳመናትም።

«ይችን እንግዳ ማን አመጣት?» አለችኝ።

«መለሰ ነው እማዬ።»

«የታለ?»

«ማኪናው ውስጥ።»

«ፀሐይ ላይ?»

«ዋርካው ሥር።»

ተነሳች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ዘንጓን ከግድግዳው ላይ አነሳች፣ ወጣች። ተከተልናት። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ያን ቁልቁለት ስትወርድ እጇን ልይዝ ስል ገፋችኝ። መለሰ ዓይኑን ጨፍኖ ጋደም ብሏል። እርምጃ ሰምቶ ቀና ሲል እናቴ መስኮቱ ጋ ደርሳለች። ደንግጦ በሩን ሲከፍት ራሱ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። አንድ እግሩ መሬት፣ አንድ እግሩ ማኪናው ውስጥ፣ ገና ሳይቆም ጎንበስ ሊል ሞከረ፤ እናቴም ዘንጓን ጥላ ገና ሳይጎነበስ ያዘችው።

«ተው ልጄ» አለችው። «ተው።»

«ልሳም እማማ።»

«አይሆንም አልኩ!»

«አንዴ ብቻ ጉልበትዎ ጋ ልድረስ።»

ይታገሉ ጀመር። እሱ ይወርዳል፣ እሷ ታነሳዋለች። ባሌ ጎልማሳ ነው፣ እናቴ አሮጊት ናት፤ ግን እንዲህ ዓይነት ትግል ላይ ጉልበት ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በመጨረሻ ተረታችለት። ጉልበቷን ሳመ። እሷ ራሱ ላይ፣ በጣሪያው የተመታው ቦታ ላይ እጇን አሳርፋ «አሞሃል?» አለችው። አያ ሰጠኝ ከኋላዬ «ተመስገን» አሉ። እልል የሚል ሰው አልነበረም። እኔ ልል አፌን ስከፍት ልቅሶ ሆነብኝ።

ደስታዬ ሙሉ ነበር ማለት እችል ነበር። አልነበረም። እያለቀስኩ ዓይኔ የሚያየው ቶሞኮን ነው። ዋርካው ጥግ ቆማ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንሽ ራቅ ብላ ነበር። እኔ እየለመንኩ፣ እያስለመንኩ፣ ሽማግሌ እየላክኩ የከረምኩበትን ነገር እሷ ገብስ ልታይ መጥታ ከፈተችው። ምን ያህል እንደተናደድኩ እግዜር ነው የሚያውቀው። አንድ ነገር እንኳን የእኔ አይሆንም?

ከዚያ በኋላ መለሰ መደቡ ላይ፣ እናቴ አጠገብ ተቀምጦ በላ። እሷ ታጎርሰዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ መክሳቱን ለእኔ ትነግረኛለች፤ እኔ የማስርበው ይመስል። የፅዮንን ሥዕል በስልኩ አሳያት። «በጥምቀት እመጣለሁ፣ ቤታችሁን አያለሁ» አለች። «ቤታችሁ» ያለችውን ቃል መለሰ ሰምቶ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን እኔን ብቻ አየ።

ፀሐይ ዘወር ሲል ለመሄድ ተነሳን። ማኪናው ጋ ስንደርስ ቶሞኮ ሥርዓቷን ጀመረች። ለእናቴ ጎንበስ ስትል እናቴ እንደ ቅድሙ ያዘቻት። ለአያ ሰጠኝ ጎንበስ ስትል እሳቸውም ክርኗን ይዘው አነሷት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እናኑ ሳን» አለች፤ ሳን የሚሉት እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። «የእናትዎን ቤት ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ባለቤትዎን ከቤት ስላራቅኩ ይቅርታ።» ጎንበስ አለች። ከሁሉም ይልቅ ለእኔ ወረደች። ያ ፀጉር ላስቲኩን አልፎ በሁለቱም ጆሮዋ በኩል ወደ መሬት ተንጠለጠለ።

ቆምኩ። እንደ ግንድ ቆምኩ። ትንሽ ትቆይ ብዬ ነበር፤ አልዋሽም። በስልክ የተሰገደላት፣ በመስታወት ፈገግ የተባለላት እሷ፣ አሁን ፊቴ ታች ናት። ትቆይ! አናቷ ላይ ሽበት አየሁ። እንደ እኔ አሮጊት ልትሆን ነው፤ ይኼም ትንሽ አጽናናኝ። እሷ ግን አልተነሳችም። እነሱ አገር ቀድሞ የሚነሳ ትሕትናው ያንሳል መሰለኝ። እኔ አላነሳኋት፣ እሷ አልተነሳች።

«እናኑ!» አለች እናቴ ከኋላዬ።

ያን ጊዜ በዓይኔ ጠርዝ መለሰ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ። ሁለት እጁ ተነሳ። የእኛ አገር ልጅ ነው፤ ጎንበስ ያለ ሰው ሳይያዝ ሲቆይ ማየት አይችልም፣ ያውም ዛሬ፣ ያውም እሱ። ሊያነሳት ነው። የዚያችን ሴት ትከሻ በእነዚያ እጆቹ ሊይዝ ነው!

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ቀሚሴ እሾህ ላይ ተቀዶ ነበር፤ በኋላ ነው ያየሁት። የእኔ እጅ ከእሱ እጅ በፊት ትከሻዋ ላይ አረፈ። ጥብቅ አድርጌ ያዝኳት፣ አነሳኋት፣ ወደ ራሴ ስቤ አገላብጬ ሳምኳት። እሷ ደንግጣ ሳቀች፤ ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር፣ ትከሻዋ አጥንት ብቻ። «ተይ፣ ተይ እህቴ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

«የእኔ ልጅ! ተባረኪ» አለች እናቴ። አያ ሰጠኝ «ያሳደገሽ ይባረክ» አሉ። እናቴ ስትሰማ ቀና አለች፤ ያሳደገችኝ እሷ ናትና። መለሰ እጆቹ እንደተነሱ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ከተታቸው፤ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን እየያዘ ነበር።

ቶሞኮ ከኋላ ወንበር ላይ የገብስ ከረጢቶቿን እንደታቀፈች እንቅልፍ ወሰዳት። መለሰ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው እንደዚያ ሮጥሽ?» አለኝ።

«እንዳትነካት ነዋ።»

ሳቀ። የማኪናውን መሪ እስኪለቅ ሳቀ። ከዚያ መስታወቱን በእጁ ይዞ አዞረው። የኋላው ወንበር ጠፋና እኔ ታየሁበት። ማኪናዋ በዚያ ሁኔታ እስከ ጎንደር ሄደች፤ መለሰ ከኋላችን ምን እንደሚመጣ ሳያይ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ክርክሩ አልበረደም ነበር። ቤዚ ራሷን በቢጎዲን እያስያዘች «እናኑ፣ አንቺማ ተናገሪ፣ መሪያችን አዋረደን አይደል ያልሽው?» አለችኝ፤ ነገር ልትጭር።

«መስገዱ ጥፋት የለውም» አልኩ።

«ታዲያ?»

«ጥፋቱ ብቻውን መሄዱ ነው። የሚቀናበት ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ፣ እንደዚያ ወርዶ አይቀርም ነበር።»